70 ሺህ ሩል የተሸከመ ማስታወቂያ መከልከያ ለምን ይንቀራፈፋል

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኮዬ ፈጬ ያሉ ሦስት ጓደኛሞች የማስታወቂያ መከልከያ ኤክስቴንሽን ሰርተው ለክሮምም ለፋየርፎክስም አውጥተዋል፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ 4 ጊጋ ራም ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ተጭኗል። መጀመሪያ አሪፍ ነበር፣ ሊስቱ 70 ሺህ ሩል (ምን እንደሚታገድ ሚናገር ደንብ) ሲያልፍ ግን ብሮውዘሩ መንቀራፈፍ ጀመረ። ኮዱ በሙሉ ባንድ ፋይል ነው ያለው። አንደኛው ጓደኛ «በረስት (በፍጥነቱ የሚታወቅ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) እንደ አዲስ እንፃፈው» ይላል፣ ጠያቂው ደግሞ ያለውን ማስተካከል ይሻላል ባይ ነው። ማናችን ነን ልክ?

አንተ ነህ ልክ ወንድሜ። ጓደኛህም ግን ሀሳቡን ከሜዳ አላመጣውም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ይንቀራፈፋል» ያልከው ነገር አንድ ችግር አይደለም መጀመሪያ። ብሮውዘሩ ሲከፈት ነው ሚዘገየው? ገፅ ሲጫን ነው? ወይስ ገፁ ከተከፈተ በኋላ ወደታች ስትስበው ነው ሚንተባተበው? ሦስቱም ሌላ ሌላ ቦታ ያለ ኮድ ናቸው፣ አንዱን አስተካክለህ ሌላው እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ምንም ኮድ ሳትነካ ለካ። ክሮም ላይ የኤክስቴንሽኖች ገፅ ገብተህ ዴቨሎፐር ሞድን አብራ፣ የራሳችሁ ኤክስቴንሽን ካርድ ላይ ሰርቪስ ወርከር (ከጀርባ ሚሰራው ኮድ) የሚለውን ስትነካ ዴቭቱልስ ይከፈትልሃል፣ ፐርፎርማንስ ታብ ላይ ሪከርድ አድርገህ ሁለት ሦስት የዜና ገፅ ክፈት። ይሄን ደግሞ በራስህ ማሽን ሳይሆን እዛው ማሰልጠኛ ሄደህ አድርገው፣ ዴቨሎፐር ያለው ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ኮድ ፈጣን ነው።

ሁለተኛ ደግሞ የሪኩዌስት፣ ማለትም ገፅ ሲከፈት ብሮውዘሩ ወደ ሰርቨሮች ሚልካቸው ጥያቄዎች፣ መዝገብ ያስፈልግሃል። ማሰልጠኛው ውስጥ ሰው በብዛት ሚከፍታቸውን ሳይቶች አንተው ክፈትና የሚወጡትን ሪኩዌስቶች በሙሉ፣ ዩአርኤሉን፣ ዓይነቱን (ምስል ነው ስክሪፕት ነው)፣ ከየትኛው ገፅ እንደወጣ፣ ፋይል ላይ አስቀምጥ። ከዛ ብሮውዘር ሳትከፍት ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጪ ሚያስኬደው) ላይ ያን ፋይል በማቺንግ ኮድህ፣ ማለትም ሪኩዌስቱን ከሩሎቹ ጋር በሚያነፃፅረው፣ ውስጥ ታሳልፈዋለህ። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው፣ አንደኛ ፍጥነቱን ትለካበታለህ፣ ሁለተኛ ደግሞ (እኔ ለዚህኛው ነው ይበልጥ ምወደው) ኮዱን በቀየርክ ቁጥር የታገደውና ያለፈው ሪኩዌስት ከበፊቱ ጋር አንድ መሆኑን ታረጋግጥበታለህ። ፈጥኖ ግን ግማሹን ማስታወቂያ ሚያሳልፍ መከልከያ የሚፈልግ ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው። ከገለፃህ እንደገባኝ ኮዱ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት ሩሎቹን ከላይ እስከ ታች እየዞረ በሬጌክስ (የፅሁፍ ቅርፅ መፈለጊያ ቀመር) ይፈትናል። አንድ የዜና ገፅ 150 ሪኩዌስት ቢያወጣ በ70 ሺህ ስታባዛው 10 ሚሊዮን ተኩል ፍተሻ ነው፣ ያውም አንድ ገፅ ለመክፈት። ይሄንኑ በረስት ብትፅፉት የሚኖራችሁ 10 ሚሊዮን ተኩሉን ፍተሻ ቶሎ ቶሎ ሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ በቃ። ቃሊቲ ወርደህ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ የቆመውን ታክሲ ሁሉ «የት ነው?» እያልክ አትዞርም አይደል፣ ቀጥ ብለህ ሰልፉ ጋ ነው ምትሄደው። ሩሎቹም እንደዛ በሰልፍ መቀመጥ አለባቸው።

አሰራሩ ምን መሰለህ፣ እያንዳንዱ ሩል ውስጥ የማይቀየር ፊደልና ቁጥር አለ። ከዛ ውስጥ አንድ ቁራጭ፣ ማለትም ቶክን፣ ትመርጥና ሩሉን በዛ ቶክን ስም ማፕ (በስም ጠይቀህ በስሙ የተቀመጠውን ምታገኝበት ማከማቻ) ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። ሪኩዌስት ሲመጣ ዩአርኤሉን በስላሽ፣ በነጥብ፣ በሰረዝ ምናምን ቆራርጠህ በየቁራጩ ማፑን ትጠይቃለህ፣ የምትፈትነው እዛ ሰልፍ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። ከ70 ሺው ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ይቀሩሃል። የታወቁት መከልከያዎች፣ ዩብሎክ ኦሪጅንም የጎስትሪ ኢንጅንም፣ ፍጥነታቸው ባብዛኛው ከዚህ ነው ሚመጣው።

ሰው ሚሳሳተው ቶክን አመራረጥ ላይ ነው። ብዙ ሩል ውስጥ «አድስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል (ማስታወቂያዎች) አለ፣ ሁሉንም በ«አድስ» ካስቀመጥካቸው አንድ ሰልፍ ውስጥ ሺዎች ይታጨቃሉ፣ ተመልሰህ እዛው ነህ። «ኤችቲቲፒኤስ»፣ «ደብሊውደብሊውደብሊው»፣ «ኮም» ደግሞ ጭራሽ አይነኩም፣ በየዩአርኤሉ አሉ። እያንዳንዱ ቶክን ስንት ሩል ውስጥ እንዳለና ቅድም ባስቀመጥከው የሪኩዌስት መዝገብ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቁጠርና ከሩሉ ቶክኖች ውስጥ ብርቅ የሆነውን ምረጥ።

ሌላው ወጥመድ ጠርዙ ነው፣ ይሄን በደንብ እየው። «/ባነር/ቶፕ» የሚል ሩል አለ እንበል። «ባነር» በግራም በቀኝም ስላሽ ስላለው ያስተማምናል። «ቶፕ» ግን መጨረሻው ክፍት ነው፣ እውነተኛው ዩአርኤል ላይ «ቶፕሌፍት» ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ የዩአርኤሉ ቁራጭ «ቶፕሌፍት» ስለሆነ ማፑ ውስጥ «ቶፕ»ን ማንም አይጠይቅም፣ ሩሉ እያለ ማስታወቂያው ያልፋል። ኮንሶል ላይ ምንም ኤረር አይወጣም፣ ተጠቃሚው ብቻ ነው ሚያየው። ስለዚህ ቶክን መሆን የሚችለው በሁለቱም በኩል የተዘጋ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ኮከብ ምልክት ያለበት ጎንም ክፍት ተብሎ ነው ሚቆጠረው። እንደዚህ ዓይነት ቁራጭ ጭራሽ የሌለው ሩል ሲገጥምህ ቶክን አልባ የሚባል ለብቻው ሰልፍ ውስጥ ክተተው፣ እሱ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት ይፈተናል፣ ስለዚህ ትንሽ እንዲሆን ታገል።

እኛ ሀገር ላይ ደግሞ ሌሎች ብዙም ማያዩት ነገር አለ። የአማርኛ ዜና ሳይቶች ብዙዎቹ ርዕሱን እንዳለ ዩአርኤል ውስጥ ይከቱታል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ ዩአርኤል ላይ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ፊደል ይፃፋል፣ ስለዚህ አንዷ «ማ» 9 ካራክተር ትሆናለች፣ 30 ፊደል ያለው ርዕስ 270 ካራክተር ማለት ነው። ቆራጭ ኮድህ ፐርሰንትን እንደ ጠርዝ ካየው ከዚህ ውስጥ 90 ጥቃቅን የማይረቡ ቁራጮች ይወጣሉ፣ ለያንዳንዳቸው ማፕ ይጠየቃል፣ ያውም አብዛኞቹ ተደጋጋሚ ናቸው ምክንያቱም የግዕዝ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ አንድ ዓይነት ነው። ፐርሰንትን ከቶክን ካራክተሮች ውስጥ ጨምረው፣ ያ ሁሉ ነገር ባንዴ አንድ ረጅም ቁራጭ ይሆናል፣ ከተወሰነ ርዝመት በላይ የሆነውን ደግሞ ዝለለው። ኢንዴክስ ስትሰራም በዛው ደንብ ቁረጥ፣ ሁለቱ ከተለያዩ የቅድሙ ጠርዝ ችግር በሌላ በር ይገባል።

ከ70 ሺው ደግሞ ምን ያህሉ ንፁህ የዶሜይን ስም እንደሆነ እይ፣ ይሄን ዶሜይን እስከነ ሰብዶሜይኑ አግድ ከማለት ሌላ ምንም የሌለው ማለቴ ነው። በተለምዶ ብዙ ነው። እነሱን ከማቺንግ ኢንጅኑ አውጥተህ «ሴት» በሚባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ውስጥ ክተታቸው፣ ከዛ የሪኩዌስቱን ሆስት (ዩአርኤሉ ውስጥ ያለውን የሳይት ስም) ሙሉውን ጠይቅ፣ ከፊት እስከ መጀመሪያው ነጥብ ቆርጠህ ደግመህ ጠይቅ፣ እንደዛ እያልክ። ሦስት አራት ጥያቄ ነው፣ ሬጌክስ ሚባል ነገር የለም።

እዚሁ ላይ እያለሁ፣ ሪኩዌስቱ ሰርድ ፓርቲ፣ ማለትም ከገፁ ባለቤት ውጪ ወደ ሌላ ድርጅት የሚሄድ፣ ነው አይደለም የሚለውን እንዴት ነው ምትለዩት? የመጨረሻዎቹን ሁለት የዶሜይን ክፍሎች በማነፃፀር ከሆነ ዶት ኮም ዶት ኢቲ ያላቸው ሳይቶች በሙሉ እንደ አንድ ድርጅት ነው ሚታዩት፣ የባንኩም የጋዜጣውም የሆቴሉም ማለት ነው። ዶት ጎቭ ዶት ኢቲም እንደዛው። ለዚህ ተብሎ የሚዘጋጅ ፐብሊክ ሰፊክስ ሊስት አለ፣ የኛዎቹም ውስጡ አሉ፣ እሱን ተጠቀሙ።

ሬጌክስ የሚቀሩህ ጥቂት ይሆናሉ። ለነሱም መጀመሪያ በኢንክሉድስ አንድ ቁራጭ መኖሩን ካየህ በኋላ ብቻ ፈትን፣ ኮከብ ውስጥ ኮከብ ያለባቸውን ደግሞ አስወግድ፣ ረጅም ዩአርኤል ላይ ወደኋላ እየተመለሱ ሲሞክሩ ታቡን ሊያደርቁት ይችላሉ።

ክሮም ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። ማኒፌስት 3 የሚባለው የኤክስቴንሽን ደንብ ከመጣ ወዲህ ሪኩዌስት የሚያግደው የናንተ ኮድ ሳይሆን ብሮውዘሩ ራሱ ነው፣ እናንተ ሩሉን በጄሰን ትሰጡታላችሁ። ስለዚህ እስካሁን ያልኩት የቶክን ነገር በቀጥታ ሚጠቅመው ለፋየርፎክስ ነው፣ እነሱ ኤክስቴንሽኑ ራሱ ሪኩዌስት እንዲያግድ ሚያስችለውን ዌብሪኩዌስት አላነሱትም። ክሮም ላይ ችግራችሁ ቁጥር ነው። አንድ ኤክስቴንሽን የተረጋገጠለት ስታቲክ (ከኤክስቴንሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ) ሩል 30 ሺህ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ከሌሎች ኤክስቴንሽኖች ጋር በሚጋሩት ቋት ላይ ይመሰረታል፣ ሬጌክስ ያለበት ደግሞ 1 ሺህ ብቻ። 70 ሺህ እንዴት ይገባል? ቀላል ነው፣ ሪኩዌስት ዶሜይንስ የሚባለው ፊልድ ዝርዝር ይቀበላል። እነዛ ሴት ውስጥ የከተትካቸው የዶሜይን ስሞች በሙሉ፣ ሺዎችም ቢሆኑ፣ አንድ ሩል ውስጥ ይገባሉ፣ ሚቆጠረውም አንድ ተብሎ ነው። ይሄን ብቻ ብታደርጉ እኔ እንደምገምተው ከ30 ሺው በታች ትወርዳላችሁ።

ሦስት ነገር ልብ በል እዚህ ጋ። ሪሶርስ ታይፕ (የሪኩዌስቱን ዓይነት) ካልፃፍክ ሩሉ ሜይን ፍሬምን፣ ማለትም ዋናውን ገፅ፣ አይነካም፣ «ሳይቱን አገድኩት ግን ይከፈታል» የሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። እኩል ፕራዮሪቲ ላይ ፍቀድ የሚለው አግድ የሚለውን ያሸንፋል። ሬጌክሱ ደግሞ አርኢ2 በሚባለው የሬጌክስ ኢንጅን ነው ሚሰራው፣ ሉክአሄድና ባክሪፈረንስ የለውም፣ ይቀበለው እንደሆነ ኢዝሬጌክስሰፖርትድ በሚለው ፈንክሽን አስቀድመህ ጠይቅ።

ሰርቪስ ወርከሩ ደግሞ ሥራ ካጣ በ30 ሰከንድ ይገደላል፣ ስለዚህ ግሎባል ቫሪያብል ላይ ያስቀመጥከው ካውንተር፣ ሴቲንግ፣ ምናምን ይጠፋል። ብሮውዘሩ እስኪዘጋ ብቻ የሚያስፈልገውን ስቶሬጅ ሴሽን ላይ አድርገው። ሊስነሮቹን (ኢቨንት ሲመጣ ሚጠሩትን ፈንክሽኖች) ደግሞ ፋይሉ ራስጌ ላይ ወዲያው መዝግብ፣ አዌይት ካለበት ፈንክሽን በኋላ ከመዘገብካቸው ወርከሩ ለዛ ኢቨንት ሲነሳ አይሰሙም። አንዳንድ ሰው በየ20 ሰከንዱ ራሱን እየቀሰቀሰ ወርከሩን እንዳይሞት ያደርገዋል፣ 4 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይሄ ግፍ ነው፣ እባካችሁ ተዉት።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደታች ሲሳብ ሚንተባተበው። ይሄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኮንቴንት ስክሪፕቱ፣ ማለትም ገፁ ውስጥ ገብቶ የሚሰራው ኮዳችሁ፣ ጥፋት ነው። ማስታወቂያ ሚደብቁ የሲኤስኤስ ሰሌክተሮችን በሙሉ በየገፁ ከከተታችሁ እያንዳንዱ ታብ፣ እያንዳንዱ አይፍሬም ያን ሁሉ ይሸከማል። በዛ ፋንታ ገፁ ላይ ያሉትን ክላስና አይዲ ሰብስብ፣ አዲስ ያየሃቸውን ብቻ ወደ ባክግራውንድ ላክ፣ ለነሱ ሚሆኑትን ሰሌክተሮች ብቻ መልሰህ ስታይልሺት አድርገህ ክተት። ያየኸውን ሴት ውስጥ መዝግበው፣ ሁለተኛ አትላከው።

የገፁን ለውጥ ሚከታተለውን ሚውቴሽን ኦብዘርቨር ክፈትና እየው ደግሞ። እርግጠኛ ነኝ ለውጥ በመጣ ቁጥር ዶክዩመንቱን በሙሉ በኩዌሪሰሌክተርኦል የሚያስስ መስመር አለ። ማለቂያ የሌለው ፊድ ላይ ሰው ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሙሉ ገፅ ይታሰሳል ማለት ነው። የተጨመሩትን ኖዶች ብቻ ውሰድ፣ ወረፋ ላይ አድርጋቸው፣ በሪኩዌስትአኒሜሽንፍሬም ባንዴ አስተናግዳቸው። ኤለመንት እየደበቅክ መሀል ላይ ቁመቱን አታንብብ፣ ባነበብክ ቁጥር ብሮውዘሩ ሌይአውቱን እንደገና ያሰላል። አትሪቢዩት የምትከታተል ከሆነ ደግሞ ራስህ የምትለውጠው ስታይል ተመልሶ ራስህን እንዳይቀሰቅስ ተጠንቀቅ።

በፅሁፍ የሚደብቁ ሩሎች እንዳሏችሁም ገምቻለሁ፣ «ማስታወቂያ» ወይ «ስፖንሰር የተደረገ» የሚል ካለበት ሳጥኑን ደብቅ ዓይነት። እነዚህ ለማሽኑ ከባዶቹ ናቸው፣ ቢያንስ በአንድ ሳይት ወስኗቸው። የጃቫስክሪፕት ሬጌክስ የቃል ወሰን ምልክት ግዕዝን እንደ ፊደል ስለማይቆጥር አማርኛ ላይ አይሰራም፣ በዩኒኮድ ፕሮፐርቲ ፃፉት። ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አንድ ትንሽ ፈንክሽን ሩሉም ላይ ገፁም ላይ ካልሮጠ ደግሞ ሳይቱ ባንዱ ፅፎ እናንተ በሌላው ትፈልጋላችሁ። ወላጁን ሳጥን ለመደበቅ በጃቫስክሪፕት ወደላይ የሚወጣ ኮድ ካላችሁ አጥፉትና ሃዝ የሚለውን የሲኤስኤስ ሰሌክተር ተጠቀሙ፣ ክሮም ከ105 ፋየርፎክስ ከ121 ጀምሮ ያውቁታል።

ሲከፈት ስለመዘገየቱ። ኮዬ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለአንተ አልነግርህም፣ የእነዛ ላፕቶፖች ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል ብዬ ልገምት፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ አልፎ አልፎ የሚሆነው ከዜሮ መነሳት እዛ በቀን ብዙ ጊዜ ይሆናል። በተነሳ ቁጥር 70 ሺህ መስመር ጥሬ ፅሁፍ ማንበብና መተርጎም የለበትም። አንዴ የተተረጎመውን ኢንዴክስ እንዳለ ኢንዴክስድዲቢ (ብሮውዘሩ ውስጥ ያለ ዳታቤዝ) ላይ አስቀምጠው፣ ሲነሳ እሱን ብቻ ይጫን። ክሮም ላይ የሪኩዌስቱን ሩሎች ኤክስቴንሽኑ ሲጫን ብሮውዘሩ ራሱ ስለሚያዘጋጃቸው ይሄ ሚያስፈልግህ ለድበቃ ሰሌክተሮቹ ነው። መፃፉ መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ዳታውን መጀመሪያ ፃፍ፣ የቨርዥን ቁጥሩን መጨረሻ ላይ። ሲነሳ ቁጥሩ ከሌለ ወይ ካልገጠመ የተቀመጠውን ጥለህ ከጥሬው ሊስት እንደገና ስራ፣ ለዚህ ብለህ ጥሬውን አታጥፋ። ሊስት ስታወርዱም ሰርቨሩን ካለፈው ወዲህ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ በኢታግ ጠይቁ፣ ሰው በፓኬጅ ዳታ እየከፈለ ያንኑ ፋይል ደግማችሁ አታውርዱበት።

ስለ ጥገናው፣ ያ ባንድ ፋይል ያለ ኮድ ሲከፈል አንድ መስመር ብቻ ነው ሚያሳስበኝ፣ ማቺንግ ኢንጅኑ ውስጥ የብሮውዘር ኤፒአይ እንዳይጠራ። ዩአርኤል ገብቶ ውሳኔ የሚወጣበት ንፁህ ነገር ይሁን፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ከውጭ ይለጠፉበት፣ አለዚያ ቅድም ያልኩት ኖድ ላይ መሞከር አይቻልም። ሌላው አከፋፈል እንደ ጣዕማችሁ ነው።

ሊስቱ ግን ከኮዱ በላይ ጥገና ይፈልጋል። ሰው ሩል ይጨምራል እንጂ ማንም አያወጣም። በ2020 የታተመ የብሬቭ ብሮውዘር ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 10 ሺህ ሳይቶችን ለሁለት ወር በየቀኑ እየጎበኘ ኢዚሊስት የሚባለውን የታወቀ የማስታወቂያ ሩል ሊስት ፈትሾ፣ ሪኩዌስት ከሚያግዱት ሩሎች ውስጥ 90 በመቶ ገደማው በተለመደ አጠቃቀም ብዙም ወይ ጭራሽ ጥቅም እንደማይሰጡ አግኝቷል። የናንተም ከዛ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። በሪኩዌስት መዝገባችሁ ላይ አንዴም ያልመቱትን ለይታችሁ ሌላ ፋይል ውስጥ አድርጉ፣ ወዲያው አትሰርዙ፣ ተጠቃሚ ሲያማርር የምትመልሱት ይኖራል። የሀገር ውስጥ ሳይት ላይ ያነጣጠሩትን ደግሞ ለብቻቸው በእጅ እዩ፣ ለነሱ ከናንተ ሌላ ጠባቂ የላቸውም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የትኛው ገፅ ላይ እንደታየና መቼ እንደተጨመረ ያልተፃፈበት ሩል አይግባ፣ በጓደኛም ቢሆን።

ረስቱን በተመለከተ፣ ጓደኛህ ያየው የብሬቭን ይመስለኛል። በ2019 ኢንጅናቸውን በረስት ፅፈው በአማካይ 69 እጥፍ ፈጠነ ብለው ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን አብረው እንደተናገሩት አልጎሪዝሙንም ቀይረዋል፣ ከዩብሎክ ኦሪጅንና ከጎስትሪ አሰራር ተነስተው፣ ያው ቅድም ያወራነው ቶክን ነው። ኮዱም ያለው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፣ እናንተ ግን በዌብ አሴምብሊ (እንደ ረስት ያለ ኮድ ኤክስቴንሽን ውስጥ ሚሮጥበት መንገድ) ነው ምትገቡት፣ ዩአርኤሉን በየሪኩዌስቱ ወደዛኛው ሜሞሪ መገልበጥ የራሱ ዋጋ አለው። ዩብሎክ ኦሪጅን ራሱ ዌብ አሴምብሊን የተጠቀመው ለተወሰኑ ትናንሽ ክፍሎች ብቻ ነው፣ ለምሳሌ የሆስት ስሞቹን ለሚይዝበት ትራይ የሚባል የዛፍ ቅርፅ ማከማቻ። ቶክኑን ሰርታችሁ፣ ዶሜይኖቹን አውጥታችሁ፣ ሊስቱን አሳንሳችሁ ከለካችሁ በኋላ አሁንም የፐርፎርማንስ ሪከርዱ አናት ላይ ማቺንጉ ከመጣ ያኔ ያቺን ቁራጭ በረስት ይፃፋት፣ እኔም ላያት እፈልጋለሁ።

የፐርፎርማንስ ሪከርዱን ከላፕቶፖቹ አውጥተህ ልትልክልኝ ከሆነ በአዲስ ባዶ የብሮውዘር ፕሮፋይል የተቀዳ ይሁን፣ ፋይሉ ውስጥ የተከፈቱት ገፆች አድራሻ ስለሚቀር የሰልጣኞቹን ነገር ይዞ እንዳይመጣ።